ገበያው ሲናጥ ዕቅድ ምን ይፈይዳል?

«በዚህ ጊዜ ደግሞ ማን ያቅዳል!» የሚለውን ከነጋዴ አፍ ስሰማ አልገረምም። ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ዕቃ በሰዓቱ አይገባም። ባለፈው ወር በየቀኑ ሲደውል የነበረ ደንበኛ ዛሬ ስልክ አያነሳም። ወለዱም፣ ምንዛሪውም፣ ታክሱም የየራሱን መንገድ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን ዓመት መጻፍ የሞኝ ስራ ይመስላል። ነገን ማን አየው?

እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የምለው። ነገ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ማቀድ ባላስፈለገ፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ቀን በቀን ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበቃ ነበር። የሰዎችን ሂሳብ ማየት አንዱ የስራዬ ክፍል ስለሆነ ብዙ የንግድ ዕቅድ በእጄ ያልፋል፤ አሪፉንም ቀሽሙንም አያለሁ። እና ብዙ ሰው ዕቅድን የጠላው ዕቅድ ተብሎ የቀረበለት ነገር ሌላ ስለሆነ ይመስለኛል።

ያንን ሌላ ነገር ታውቁታላችሁ። ለባንክ ተብሎ የሚጻፈው። ጥራዙ ወፍራም ነው፣ ሽፋኑ ላይ ፎቶ አለ፣ ራዕይና ተልዕኮ አስር ገጽ ይወስዳሉ። ከዚያ ሰንጠረዡ ይመጣል። ሽያጭ በሁለተኛው ዓመት በ20 በመቶ ያድጋል፣ በሦስተኛውም በ20፣ በአራተኛውም በ20። ለምን 20? ማንም አያውቅም። አንዱ ኤክሴል ላይ የመጀመሪያውን ሳጥን ሞልቶ ቀሪውን በማውዝ ስለጎተተው ነው። ብድሩ ሲፈቀድ ሰነዱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይህን አይቶ «ዕቅድ ዋጋ የለውም» ያለ ሰው ልክ ነው። ያኛው ዓይነት ለብድር ይጠቅማል፣ በቃ።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1957 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባደረጉት አንድ ንግግር ላይ ከወታደር ቤት የሰሙትን አባባል ጠቅሰው ነበር። ዕቅዶች ዋጋ የላቸውም፣ ማቀድ ግን ሁሉም ነገር ነው የሚል። ይህችን ሁሉም ሰው ይጠቅሳታል። እኔን የምትመቸኝ ግን ቀጥለው ያሏት ናት። ድንገተኛ ነገር ድንገተኛ የተባለው ስላልተጠበቀ ነውና እናንተ ባሰባችሁት መልክ አይመጣም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርጉት ዕቅዶቹን ከመደርደሪያ አውርዳችሁ በመስኮት መወርወር ነው፤ ቀድሞ ሲያቅድ ያልቆየ ሰው ግን እንደገና ሲጀምር እንኳ በማስተዋል መስራት አይችልም አሉ።

ነገሩ እዚያ ላይ ነው ያለው። ወረቀቱ ሊጣል ይችላል። ወረቀቱን ስትጽፉ የቆጠራችሁት ግን እጃችሁ ላይ ይቀራል። ገንዘባችሁ ስንት ወር እንደሚያቆያችሁ፣ የትኛው አቅራቢ ቢጠፋ ስራ እንደሚቆም፣ የትኛው ወጪ ነገ ሊቀነስ እንደሚችልና የትኛው በውል እንደታሰረ አውቃችኋል። ያላቀደ ሰው ግን ችግር ሲመጣ ይህን ሁሉ ከዜሮ ጀምሮ መቁጠር አለበት፣ ያኔ ደግሞ ጭንቅላት አይሰራም። ስልኩ ይጮሃል፣ ሰራተኛው በር ላይ ቆሟል፣ ባንኩ ደብዳቤ ልኳል።

አንድ ልዩነት እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ፣ አጭር ነው። ፍራንክ ናይት የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1921 ሁለት ነገሮችን ለየ። አንዱ ዕድሉ ሊሰላ የሚችል አደጋ ነው። ከብዙ ቤቶች መካከል በዓመት በግምት ስንቱ እንደሚቃጠል ኢንሹራንሶች ያውቁታል፣ ዋጋም ያወጡለታል። ሌላው ሊሰላ የማይችለው ነው፤ ከዚህ በፊት ያልታየ፣ ቁጥር የሌለው። ትርፍ የሚመጣው ሊሰላ የማይችለውን ተሸክሞ ለሚሰራው ሰው ነው ይላል ናይት። በእኔ አነጋገር፣ ሁሉም ነገር እስኪለይለት እጠብቃለሁ የሚል ሰው ትርፉንም ለሌላ ሰው ለቆለታል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ዋናው ጉዳይ እዚያ ስለሆነ።

የአሜሪካው ባንክ የጄፒሞርጋን ቼዝ የጥናት ተቋም በ2016 ባወጣው ጥናት ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ የአሜሪካ ትናንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ አይቶ ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ገቢ ድንገት ቢቆምና ወጪው እንዳለ ቢቀጥል፣ ባንክ ያለው ገንዘብ ስንት ቀን ያቆያል? ድርጅቶቹ ባላቸው ቀን ብዛት ቢደረደሩ፣ መሀል ላይ የተገኘው 27 ቀን ነበረው። ከአራቱ አንዱ ደግሞ 13 ቀን እንኳ አልነበረውም። ምግብ ቤቶች 16 ቀን። ይህ የሆነው ደህና በሚባል ጊዜ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ኮቪድ መጥቶ በሩ ለወራት ሲዘጋ ምን እንደተፈጠረ አይተናል።

እናንተስ ስንት ቀን አላችሁ? ይህን ጥያቄ ለነጋዴ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ደህና ነን» የሚል ነው። ደህና ነን ቁጥር አይደለም። ደህና የሚመስለውም ብዙ ጊዜ በትርፍና በካሽ መካከል ያለው ክፍተት ስላልታየ ነው።

በትንሽ ቁጥር ላሳያችሁ። አንድ የቢሮ ዕቃ የሚሰራ ሰው ካዝናው ውስጥ 80 አለው እንበል፣ በፈለጋችሁት ገንዘብ። የወር ቋሚ ወጪው፣ ኪራይና ደመወዙ ሲደመር፣ 20 ነው። የ120 ትዕዛዝ መጣለት። ዕቃው 70 ይፈጃል፣ በእጅ በእጅ ይገዛል። ስራው አንድ ወር ይወስዳል፣ ደንበኛው የሚከፍለው ደግሞ ከተረከበ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ለማቅለል ያህል ሌላ ገቢ የለውም። በወረቀት ሲታይ ስራው ያዋጣል፤ 120 ገብቶ 70ው ለዕቃ፣ 40ው ለሁለት ወር ወጪ ሲወጣ 10 ይተርፋል። ካሽ ላይ ስትመጡ ግን፣ 80 የነበረው 70 ለዕቃ 20 ለወር ወጪ ሲወጣበት በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ከዜሮ በታች 10 ይሆናል። ማለትም አትራፊ ስራ ይዞ ደመወዝ መክፈል አቃተው። በሁለተኛው ወር ደግሞ ጉድለቱ 30 ይደርሳል፤ ክፍያው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደንበኛው አንድ ወር ከዘገየ 50 ይሆናል።

አሁን ያው ሰው ግማሹን ቅድመ ክፍያ ጠየቀ እንበል። 60 ገባለት። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ 50 አለው፣ በሁለተኛው 30፣ ደንበኛው አንድ ወር ቢዘገይበት እንኳ 10 ይቀረዋል። ዋጋው አልተለወጠም፣ ትርፉም ያው ነው። የተለወጠው ገንዘቡ የሚገባበት ቀን ብቻ ነው። ይህን ለማየት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፣ አንድ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱ ከሌለ ግን ትዕዛዙ ሲመጣ ደስታው ያሰክራል፣ እጅ ይጨበጣል፣ ስለ ቅድመ ክፍያ ማንም አያነሳም፤ ከዚያ በወሩ መጨረሻ ብድር ፍለጋ መሯሯጥ ነው።

እኔ የምወደው የ13 ሳምንቱን ሰንጠረዥ ነው። ድርጅቶችን ከኪሳራ የሚያወጡ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነው፣ ግን ምንም ምስጢር የለውም። ወደ ጎን 13 ሳምንት፣ ማለትም አንድ ሩብ ዓመት። ወደ ታች መጀመሪያ በእጅ ያለው፣ ከዚያ በየሳምንቱ የሚገባው፣ የሚወጣው፣ የቀረው። የሳምንቱ ቀሪ ለቀጣዩ ሳምንት መነሻ ይሆናል። ስህተት የሚገባው «የሚገባው» በሚለው ረድፍ ላይ ነው። ሰዎች እዚያ ላይ ደረሰኙ የሚለውን ቀን ይጽፋሉ። መጻፍ ያለበት ደንበኛው በእውነት የሚከፍልበት ቀን ነው፤ በ30 ቀን ይከፍላል ተብሎ ሁሌ በ50 ቀኑ የሚከፍለውን ሰው ታውቁታላችሁ፣ 50 ብላችሁ ጻፉት። ይሉኝታ እዚህ ውስጥ አይገባም። በየሳምንቱ መጨረሻ የሆነውን ከተጻፈው ጋር ታስተያያላችሁ፣ ያለፈውን ሳምንት ትሰርዛላችሁ፣ ከወዲያ ጫፍ አንድ ሳምንት ትጨምራላችሁ። ሰንጠረዡ ሁሌ 13 ሳምንት ወደፊት ያያል። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ቀይ ቁጥር ብቅ ሲል ገና ስምንት ሳምንት አላችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ገንዘቡ ይህን ያህል። ሌላው ነገር ውሳኔ ነው፣ ለዚህ የማልሰለቸው ታሪክ አለኝ።

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2000 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አልበከርኪ ከተማ የሚገኘው የፊሊፕስ የቺፕ ፋብሪካ ውስጥ እሳት ተነሳ። መብረቅ የኤሌክትሪክ መስመር መትቶ ነው። እሳቱ በአስር ደቂቃ ገደማ ጠፋ። ዜና የሚሆን ነገር እንኳ አይመስልም። ችግሩ የቺፕ ማምረቻ ክፍል ከሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል በላይ ንጹህ መሆን ያለበት መሆኑ ነው፤ ጭሱና ውሃው ክፍሎቹን አበላሸ። በጊዜው ሁለቱ የሞባይል ኃያላን፣ የፊንላንዱ ኖኪያና የስዊድኑ ኤሪክሰን፣ ሁለቱም የዚህ ፋብሪካ ትላልቅ ደንበኞች ነበሩ። ለሁለቱም የተነገራቸው ያው ነው፤ ምርቱ አንድ ሳምንት ያህል ይዘገያል።

ያው ስልክ፣ ያው ቃል። ኖኪያ ውስጥ ግን ዕቃ ሲዘገይ ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነበር። ዕቃዎቹን ልዩ ክትትል ውስጥ አስገቡና በሳምንት አንዴ ይጠይቁ የነበረውን በየቀኑ መጠየቅ ጀመሩ። ነገሩ የሳምንት ሳይሆን የወራት ጉዳይ መሆኑ ሲገባቸው ሰው መደቡ፣ ከሌሎች አምራቾች ቺፕ ፈለጉ፣ ንድፍ የሚቀየረውን ቀየሩ፣ የፊሊፕስን ሌሎች ፋብሪካዎች ትርፍ አቅም ጠይቀው ወሰዱ። ኤሪክሰን አንድ ሳምንት የተባለውን አምኖ ጠበቀ። ወጪ ለመቆጠብ ብሎ አቅራቢዎቹን ቀንሶ ስለነበር፣ ሲነቃ ለዋናው ቺፕ የሚሄድበት ሌላ በር አልነበረውም፤ የነበረውን አማራጭ ሁሉ ኖኪያ ቀድሞ ይዞታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ኤሪክሰን ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ሽያጭ አጣ፣ በ2001 የሞባይል ስራውን ከሶኒ ጋር አቀላቀለ። ለዚያ መብረቁ ብቻ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፣ ሌሎች ችግሮችም ነበሩበት። ግን መብረቁ የቱ ጋ እንደሳሳ አሳየ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኖኪያ መብረቅ ይመታል ብሎ አላቀደም። ማን ያቅዳል? ያቀደው «ዋና ዕቃ ከዘገየ» የሚለውን ነው። ምክንያቱ መብረቅ ይሁን፣ ጎርፍ ይሁን፣ ጉምሩክ ይሁን፣ መርከብ ይሁን ለእሱ ልዩነት የለውም። በማርች 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ ስዊዝ ካናልን ስድስት ቀን ዘግታ ስትቆም እንዲሁ ነው፤ መርከብ ተወዝፋ መንገድ ትዘጋለች ብሎ የገመተ ነጋዴ አልነበረም፣ «ዕቃዬ ሦስት ሳምንት ቢዘገይ» ብሎ አስቦ የነበረ ግን ነበር። በምክንያት አታቅዱ፣ ምክንያት አያልቅም። በሚደርስባችሁ ነገር አቅዱ። የሚደርሰው ነገር ደግሞ ጥቂት ነው። ዕቃ አይመጣም፣ ደንበኛ አይመጣም፣ ገንዘብ አይመጣም፣ ሰው አይመጣም፣ ወይ ዋጋ ይዘላል። የቀረው የእነዚህ ቅልቅል ነው።

ለእያንዳንዱ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ቅርጽ አለው፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል። ግን ቁጥርና ቀን ከሌለው ምኞት ነው። «ሽያጭ ከቀነሰ ወጪ እቀንሳለሁ» ምንም አይልም። ስንት ሲቀንስ? የቱን ወጪ? ማን ነው የሚቀንሰው? «ሽያጭ ለሁለት ተከታታይ ወር ከአምናው በሩብ ካነሰ፣ ሁለተኛውን መጋዘን እለቃለሁ፣ አዲስ ቅጥር አቆማለሁ፣ ለዚህም ለአከራዩ የአንድ ወር ማስታወቂያ መስጠት አለብኝ» ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። እንዲህ ስትጽፉ ወዲያው የማታውቁት ነገር ይመጣል፤ ውሉ የአንድ ወር ነው የሦስት ወር ማስታወቂያ የሚጠይቀው? ተነስታችሁ ውሉን ትፈልጋላችሁ። ሦስት ወር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ታዲያ ሁለት ወር መጠበቅ አይቻልም ማለት ነው፣ ምልክቱ ቀደም ማለት አለበት። የማቀድ ጥቅሙ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚታየኝ፣ ውሉን ከመሳቢያ ማስወጣቱ ላይ።

ሰዎች ይህን የማይጽፉበት ምክንያት ስንፍና አይመስለኝም። ክፉ ነገር ማሰብ ክፉ ነገር መጥራት ይመስላቸዋል። «አፍህን በዳቦ» ይባላል ወዲያው። ስብሰባ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ አለቃው ፊት «ይህ ነገር አይሳካም» ብሎ የሚናገር የለም። ጋሪ ክላይን የሚባል የስነ ልቦና ባለሙያ በ2007 ለዚህ ጥሩ ዘዴ ጽፏል። ስራው ከመጀመሩ በፊት ሰዎቹን ሰብስባችሁ «አሁን ከዓመት በኋላ ነው፣ ስራው ሙሉ በሙሉ ከሽፏል፤ ለምን ከሸፈ? ጻፉ» ትላላችሁ። «ሊከሽፍ ይችላል ወይ» ብሎ መጠየቅ የለም፣ ከሽፏል። ያቺ ለውጥ ትንሽ ትመስላለች ግን አፍ ታስከፍታለች። አሁን ችግር ማንሳት ተስፋ ማስቆረጥ መሆኑ ቀርቶ ጉብዝና ይሆናል። የሂሳብ ሰራተኛዋ «ትልቁ ደንበኛችን አንድ ቀን በሰዓቱ ከፍሎን አያውቅም» ትጽፋለች። የመጋዘን ሰራተኛው ማሽኑን መጠገን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ሊለቅ እንደሚያስብ ይጽፋል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። በግማሽ ሰዓት አንድ አማካሪ ድርጅት በወር የማያገኘው ነገር ይወጣል (አማካሪ ወዳጆቼ ይቅርታ አድርጉልኝ)።

ትልልቆቹ ይህንን በስፋት ይሰሩታል። የሼል ነዳጅ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፒየር ዋክ የሚባል ፈረንሳዊ የሚመራው ቡድን ነበረው። ስራቸው የነዳጅ ዋጋ ስንት ይሆናል ብሎ አንድ ቁጥር ማውጣት አልነበረም። የተለያዩ የወደፊት ታሪኮች ይጽፉ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ነዳጅ አምራች አገሮች ዋጋውን በራሳቸው እጅ ቢያስገቡስ የሚል ነው። በኦክቶበር 1973 ጦርነትና ማዕቀብ መጣ፣ በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ሼል ቀኑን አላወቀም። ግን አለቆቹ ነገሩን አንዴ በሃሳባቸው ኖረውበት ስለነበር ከሌሎቹ ፈጥነው ተንቀሳቀሱ። ለትንሽ ድርጅት ሃያ ታሪክ መጻፍ ዕብደት ነው፤ ሁለት ሦስት ይበቃል። አንዱ ነገሮች እንዳሉ ቢቀጥሉ፣ አንዱ ገቢ በአንድ ሦስተኛ ቢወርድ። ሦስተኛው ደግሞ ሁሉም የሚረሳው ነው፤ ስራው በድንገት እጥፍ ቢሆንስ? ከላይ ያየነው የቢሮ ዕቃ ሰሪ የተቸገረው ስራ በማጣት አይደለም፣ ስራ በማግኘት ነው።

ዕቅድ ሁሉንም ያድናል እያልኩ አይደለም። ቶዮታ ከ2011ዱ የጃፓን መሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በኋላ የአቅራቢዎቹን አቅራቢዎች ጭምር መዝግቦ፣ ቺፕ የሚያቀርቡለት ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ ክምችት እንዲይዙ አደረገ። «ዕቃ በሰዓቱ ይምጣ፣ መጋዘን አይሞላ» በሚለው አሰራር ዓለምን ያስተማረው ቶዮታ ነው ይህን ያደረገው። በ2021 መጀመሪያ የመኪና ፋብሪካዎች ቺፕ አጥተው ሲቆሙ እሱ መስራቱን ቀጠለ። ሆኖም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የመስከረም ምርቱን በ40 በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ክምችቱ ጊዜ ገዛለት፣ ችግሩን አላጠፋለትም። ለብዙ ንግድ ግን ጥቂት ወራት ማለት በሕይወት መትረፍና አለመትረፍ ነው።

ከዚህ የሚከተለው የዓመት በጀትን እንደ ቃል ኪዳን መያዝ ትክክል አለመሆኑ ነው። የስዊድኑ ሃንደልስባንከን ባንክ ያን ቫላንደር በ1970 ሊመራው ከመጣ በኋላ ዓመታዊ በጀት የሚባለውን ጨርሶ ተወው፣ ለአስርት ዓመታትም ያለ እሱ ደህና አድርጎ ሰርቷል። ይህን ሰምቶ «አየህ፣ ማቀድ አያስፈልግም» ያለኝ ሰው አለ። ባንኩ የተወው ግን በጥር ወር የተገመተ ቁጥርን በታኅሣሥ ማሳደድን ነው። ሂሳብን በየጊዜው ማየት፣ ቅርንጫፍን ከቅርንጫፍ ማወዳደር አልተወም። እኔም የምጠላው ያንን ማሳደድ ነው። በጀት ስለተያዘ ብቻ በዓመቱ መጨረሻ የማያስፈልግ ዕቃ የሚገዛ መስሪያ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል?

ስለዚህ ዕቅዱ አጭር ይሁን። አንድ ገጽ ጽሑፍና የ13 ሳምንቱ ሰንጠረዥ ለአብዛኛው ትንሽ ድርጅት ይበቃል። በየወሩ ይከለስ። ባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ዕቅድ ደግሞ ባለቤቱ የታመመ ዕለት አብሮ ይተኛል፤ ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው የት እንዳለ ይወቅ፣ የባንክ ፊርማውንም ጉዳይ ቀድማችሁ ጨርሱ። ሰራተኞችስ? ሁሉንም ቁጥር ማሳየት ግድ አይደለም። ግን ምን ቢሆን ምን እንደሚደረግ በግልጽ ከተነገራቸው ኮሪደር ላይ የሚናፈሰው ወሬ ይቀንሳል። ሰው ከመጥፎ ዜና ይልቅ የሚሸሸው ከማያውቀው ነገር ነው፣ ጎበዞቹ ደግሞ ቀድመው ነው የሚሄዱት።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ ማንም መጻፍ የማይፈልገው። የማቆሚያው ቁጥር። ካዝናው እዚህ ሲደርስ ይህን ስራ እዘጋለሁ ወይም አስተላልፋለሁ የሚል መስመር። ሰው ይህን ሲጽፍ እጁ ይከብደዋል፣ ገና ሳይጀምር ሽንፈት ይመስለዋል። ግን መስመሩ ካልተሰመረ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። «አንድ ወር ልየው» ይባላል፣ ከዚያ ሌላ አንድ ወር፣ ቀጥሎ የቤቱ ገንዘብ ይገባል፣ ቀጥሎ የዘመድ። መጀመሪያ ላይ ቢዘጋ የሰራተኛውን ካሳና የአቅራቢውን ዕዳ ከፍሎ ስሙን ይዞ የሚወጣው ሰው፣ መጨረሻ ላይ ለማንም የማይከፍለው ይሆናል። ቁጥሩ ዜሮ መሆን የለበትም። መዝጋት ራሱ ገንዘብ ይፈልጋል። የቀረው ደመወዝ፣ የኪራይ ማስታወቂያ፣ ያልተከፈለ ታክስ፣ የአቅራቢ ሂሳብ ተደምሮ የሚመጣው ነው የማቆሚያው ቁጥር። ይህን ደህና በሆናችሁበት ቀን አስሉትና ከስራው ውጪ ለሆነ፣ ለምታምኑት አንድ ሰው ስጡት፤ ለወንድም፣ ለሚስት፣ ለባል፣ ለጓደኛ። የዚያ ሰው ስራ በየወሩ ደውሎ ሂሳቡ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። «ደህና ነን» ካላችሁት ስልኩን እንዳይዘጋ ከአሁኑ ንገሩት፤ ቁጥሩን ይጠይቅ።